የአባዬ ጂፕ ካምቢዮ

አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስንት ዓመት ክትባት ያመላለሰባት ጂፕ ጉልበቷ ሲደክም፣ ትልቅ ሞተር ላስገጥምላት ኒውላንድ ጋራዥ ወሰድኳት። እማዬም አብራኝ መጣች።

መካኒኩ ኡጁሉ፣ «ካምቢዮውስ? ማንዋል ይሁን አውቶማቲክ?» አለኝ።

«አውቶማቲክ» ከማለቴ እማዬ፣ «በእጅ የሚገባው ይሁን!» አለች።

«እማዬ ደግሞ! መንዳት አትችዪ፣ ምን አገባሽ?»

ኡጁሉ ሳቁን ሊደብቅ ጎንበስ ብሎ መፍቻ ፈለገ። እኔ በእሷ አፈርኩ።

እሷ ግን ጂፗ ውስጥ ገባችና ከሹፌሩ ወንበር ጎን ተቀመጠች። ግራ እጇን አባዬ ባለሰለሰው የማርሽ እጀታ ላይ አሳረፈች።

«አንተ አዲስ አበባ ስትማር አባትህን ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎት ነበር» አለችኝ። «እስከ ኢታንግ ድረስ፣ እሱ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ማርሽ የሚያስገባለት ማን ነበር?»