ካባውን የተገፈፈው ኮከብ

ጥፋቱ የራሴ ነው፤ በአማርኛ ላስረዳ ብዬ ነው ጉድ የሆንኩት። የዶክትሬት ጽሑፌን ልጨርስ ሰቆጣ ወላጆቼ ቤት የከረምኩ ጊዜ አባቴ «ለመሆኑ የምታጠኚው ምንድን ነው?» ቢሉኝ፣ «ካባቸውን የተገፈፉ ኮከቦችን» አልኳቸው። አንዳንድ ትልቅ ኮከብ ሊፈነዳ ሲቃረብ ከላይ የለበሰውን ሃይድሮጅን ይገፈፋል። ለኔ ነገሩ ይኸው ነው። አባቴ ግን ዕድሜ ልካቸውን ብራና ላይ ያጎነበሱ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ካባውን የተገፈፈ ሲባል የሚመጣባቸው አጥፍቶ ከማዕረጉ የወረደ ካህን ነው።

በሳምንቱ ወሬው ከአባቴ የደረሳቸው የደብሩ አለቃ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ የተገፈፈው የየት ደብር ሰው ነው? የደሃና ነው እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ እጅግ ሩቅ ነው አባቴ፣ ከኛ ሀገረ ስብከት አይደለም» አልኩ።

«ተመስገን» ብለው አለፉ።

ጽሑፉን ሰኞ ማስረከብ ነበረብኝ። መላው ሥራዬ የቆመው ደግሞ በአንድ ኮከብ ላይ ነው፤ ሃይድሮጅን ጨርሶ የለውም ብዬ አፌን ሞልቼ በጻፍኩለት። ያ ከፈረሰ ሁለት ምዕራፍ ገደል ገባ ማለት ነው። አርብ ዕለት በወረቀት አትሜው ለአባቴ አሳየኋቸው። እውነቱን ለመናገር እርማት ፈልጌ አልነበረም፤ እንዲኮሩብኝ ነበር። የኮከቡ ብርሃን በየቀለሙ ተዘርዝሮ፣ በሚወጣና በሚወርድ መስመር የተሳለበትን ገጽ ገለጥኩላቸው። መስመሩ የጎደጎደበት ቦታ አንድ ንጥረ ነገር ብርሃኑን ውጦታል ማለት ነው።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን ቀዩ ብርሃን ጋ አሳረፉ።

«እዚህ ጋ ፍቀሻል» አሉ።

«አባባ፣ ይኼ እኮ ብራና አይደለም።»

«ሌላው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይኼ ብቻ ለጥ ብሏል። ምን ነበረበት?»

ተናደድኩ። የቢላዋና የቀለም ሰው ስለ ሰማይ ምን ያውቃል አልኩ በሆዴ። እዚያ ቦታ ላይ በኮከቡ ዙሪያ ካለ ጋዝ የመጣች ቀጭን ጉብታ ነበረች፤ የኮከቡ ስላልሆነች በሙያው ያለን ሁላችንም ቆርጠን ቦታውን በቀጥታ መስመር እንደፍነዋለን። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ፊደል ሲሳሳት ፊደሏ ትፋቃለች፤ አንቺ ግን መስመሩን ሁሉ ጠርገሽዋል» አሉኝ።

ላሳፍራቸው ብዬ ኮምፒውተሬን ከፈትኩና ያልተነካውን መስመር አወጣሁ። ጉብታዋን ብቻ ለይቼ ብቆርጥ፣ ከሥሯ ሰፊና ስስ ጎድጓዳ ብቅ አለ። ሃይድሮጅን። ጥቂት ነው፣ ግን ሃይድሮጅን ነው። ኮከቡን እርቃኑን ያስቀረሁት እኔው ነበርኩ።

ሰኞን አሰብኩ፣ ያለፉትን ዓመታት አሰብኩ። «እንዳለ ብልከውስ አባባ? ማንም አያይብኝም» አልኳቸው።

አባቴ ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝ።

«እኔም በጉብዝናዬ አንድ ሙሉ መስመር በስህተት ፍቄ ዝም አልኩ» አሉ። «ማንም አላየብኝም። መጽሐፉ ዛሬም ፃግብጂ ቤተ ክርስቲያን ይነበባል። ለንግሥ ስሄድ፣ አንባቢው እዚያ ገጽ ሊደርስ ሲል ተነሥቼ እወጣለሁ። ሰዉ ሽማግሌው አየር ፈልጎ ነው ይላል።»

ሰኞ ለአማካሪዬ የላክሁት ጽሑፉን ሳይሆን ጥፋቴን ነው።