የወረፋው ጥናት

ዊትስከ ሁከማና እኔ ግሮኒንገን ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ለዓመታት ፊት ለፊት ተቀምጠናል። እኔ የእንቅልፍ ችግር አጠናለሁ፤ እሷ ሥነ ጾታ። ገና ተማሪ ሳለች መምህሯ፣ በወንድ ገላ ተወልደው ሴት ስለሆኑ ወይም በሴት ገላ ተወልደው ወንድ ስለሆኑ ሰዎች ጤና መመራመር እንጀራ አይሆንሽም ብሏት ነበር። ፍሪስላንድ የሚባል ገጠር የገበሬ ልጅ ናት፤ ግትር። መምህሩ ጡረታ ሲወጣ ቦታውን የያዘችው እሷ ሆነች።

ትልቁ ሥራዋ የወረፋው ጥናት ነው። ገላቸውን ከጾታቸው ጋር የሚያስማማ ሕክምና የሚሹ ሰዎች፣ ሕክምናውን የሚሰጠው ክሊኒክ እስኪጠራቸው ዓመታት ይጠብቃሉ። ዊትስከ በየጸደዩ እየጠራች፣ መጠበቁ ምን እንዳደረጋቸው ትጠይቃቸዋለች። አታክምም። ወረፋም ማስቀደም አትችልም፤ ደንቡ ይከለክላል።

ከሚመጡት አንዷ ፌና ነበረች፤ ዴልፍዛይል በምትባል ከተማ የምትኖር ዳቦ ጋጋሪ። ዘቢብ ያለበት ዳቦ ቅቤ ቀብታ ስለምታመጣ እኔም መምጫዋን እናፍቅ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ስታስቀን ዋለች። በሁለተኛው ጨዋታዋ ቀነሰ። በሦስተኛው ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ዊትስከ፣ ዘንድሮም እንዴት ነሽ ልትይኝ ነው?»

«አዎ።»

«ከአምናው ብሶብኛል ብልሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

ዊትስከ ብዕሯን አነሳች። «እጽፈዋለሁ።»

ፌና ፈገግ አለች። «ጻፊው እንግዲህ። አሳምረሽ ጻፊው።»

ፌና እንደወጣች ዊትስከ ደንቡን ጥሳ ክሊኒኩ ጋ ደወለች። የመለሰችላት ሴት ትሑት ነበረች፤ ከእሷ የባሱ ብዙ አሉ አለቻት። የፌናን የሰፈር ሐኪምም አገኘችው። እሱ ደግሞ ይህ የክሊኒኩ ሥራ ነው፣ ትጠብቅ አለ።

በቀጣዩ ጸደይ በፌና ቀጠሮ የመጡት እናቷ ቲያ ነበሩ። ልጃቸው ባለፈው ኅዳር ራሷን ማጥፋቷን ነገሩን። ቀጠሮውን በስልክ ለመሰረዝ ሞክረው አልሆነላቸውም።

«እናንተ ዘንድ መምጣት ትወድ ነበር» አሉ። «እኛ ቤት የሚጠይቃት አልነበረም። መልሷን እንፈራው ነበር።»

ዊትስከ እጃቸውን ይዛ ቀረች።

ጥናቱ ታትሞ ወጣ፤ በተመራማሪዎች ዓመታዊ ስብሰባ ላይም ተሸለመ። ብዙም ሳይቆይ አንድ የምክር ቤት አባል በሬዲዮ ጠቀሰው፦ እነዚህ ሰዎች ታከሙም አልታከሙም ያው ያዘኑ ናቸው፣ ለምን ገንዘብ ይፈስላቸዋል ብሎ። ዊትስከ ለጋዜጦች መልስ ጻፈች። አንዱ ብቻ፣ እሱም ግማሹን ቆርጦ፣ የቀረውን አተመላት። ወረፋው በዚያው ዓመት ይበልጥ ረዘመ።

ከዚያ ጥናቱ እንዲቀጥል ተፈቀደ። ተይው፣ ይበቃሻል አልኳት።

«ብተወው የሚጠይቃቸው የለም» አለችኝ፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳታነሳ። «ባልተወውም የሚያክማቸው የለም።»

የማስቀጠያውን ውል ፈረመች። በዚህ ጸደይም እየጠራቻቸው ነው። አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ድረስ ወደ ብስክሌት ማቆሚያው ወርዳ፣ ዝናብ ቢሆንም ባይሆንም፣ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች። ስትመለስ ፊቷን አላይም። የተረኛውን ስም ጠርታ ታስገባዋለች፣ ወንበር ትስብለታለች፣ ከዚያ እንዴት ነህ ትለዋለች።