በሐምሌ የታየ መንገድ

ጆሃንስበርግ የመጣሁት ልጄ ስትወልድ ላርሳት ነበር። ሕፃኑ በተወለደ በሁለተኛው ሳምንት በኮሮና ምክንያት በረራ ቆመ፤ እኔም ጻካኔ በሚባለው ሰፈር፣ ከልጄና ከባሏ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል ቀረሁ።

ሕፃኑ ደረቱ ደካማ ነው። በዚያ አገር ብርድ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ይዘነው ሮጠናል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ሌላ በሽታ ነበር፤ እኔ ግን የማዳምጠው የእሱን ትንፋሽ ነበር።

አማቼ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆሞ ዳቦና የስልክ ካርድ መሸጥ ሰልችቶት ነበር። ከብራክፓን ከተማ ወዲያ ቤት ያለበት፣ ዶሮ የሚረባበት መሬት አገኘና ሐምሌ ላይ ሊያሳየን ወሰደን።

“እማማ፣ መሬቱን እኔ አያለሁ። እርስዎ ገጠር ነው ያደጉት፤ መንገዱን ይዩልኝ” አለኝ።

አስፋልቱ ሲያልቅ የአፈር መንገድ ይጀምራል። መኪናውን አስቁሜ በእግሬ ሄድኩበት። በተረከዜ ብመታው እንደ ጡብ ጠንካራ ነው። አንድ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ብቻ አፈሩ ጥቁር ሆኖ ተሰነጣጥቋል። መረሬ፣ ሲርስ እግር የሚውጠው አፈር፣ መሆኑን አውቄያለሁ። ነገር ግን እኛ አገር ቤት የሚሠራ ሰው መንገዱን በሐምሌ ያየዋል፤ ሐምሌን የቻለ መንገድ ዓመቱን ይችላል። ለወራት ጠብ ያለ ዝናብ ስላላየሁ፣ ሐምሌው እንዲህ ደረቅ ከሆነ አገሩን ዝናብ ብዙም የማያውቀው መስሎኝ ነበር።

“በሐምሌ እንዲህ ከሆነ አያሳስብም” አልኩት።

“እንግዲህ ኢንጂነሯ ፈቀዱ” ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠየቀም። ቢሮዎቹ አንዴ ሲከፈቱ አንዴ ሲዘጉ ወረቀቱ እስከ ጥቅምት ቆየ።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶ ቆርቆሮውን ደበደበው፤ ከኋላው የመጣው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ የሱቁን ደጃፍ አለፈ።

“ያለ ወቅቱ ይሄ ምንድነው?” አልኳት ልጄን።

“ወቅቱ ነው እንጂ እማዬ። እዚህ ክረምቱ ገና መግባቱ ነው፤ እስከ መጋቢት ይዘንባል። ሐምሌማ ብርድ ብቻ ነው።”

የሕፃኑን ልብስ ማጠፌን ቀጠልኩ። የመሬቱ ፊርማ ሐሙስ ነበር። ያ ጥቁር አፈር ከዓይኔ አልጠፋ አለ። አማቼ ሱቁን ለሌላ ሰው ለማስረከብ ቃል ሰጥቷል፤ የዶሮ ቤቱን ንድፍ ሳይቀር ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። እንዴት ብዬ እንደምነግረው ሳወጣ ሳወርድ አመሸሁ።

ረቡዕ ጠዋት ነገርኩት። “መንገዱን ያየሁት በአገሬ ሐምሌ ነው። ተሳስቻለሁ። ሳትፈርም እንደገና እንየው።”

ዞሮ ግድግዳው ላይ ያለውን ንድፍ አየ። “እኔ እኮ ዝናቡን አውቃለሁ” አለ ኋላ። “እርስዎ ካሉ ብዬ ነው የተውኩት።”

ማስካችንን አድርገን ሄድን። ዝቅ ያለው ቦታ ሳንደርስ ጎማው ይንሸራተት ጀመር። አማቼ ወርዶ ጥቂት እንደተራመደ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ፤ ጫማውን ጎንበስ ብሎ በእጁ መዞ አወጣው። ከማዶ አንድ ሽማግሌ ትራክተር ላይ ተቀምጦ ያየናል። አማቼ ከደንበኞቹ በለመደው የዙሉ ቋንቋ ሰላምታ ሰጥቶ መኪና ያልፍ እንደሆነ ጠየቀው፤ መልሱን ለእኔ ተረጎመልኝ።

“‘እኔ ከጎተትኩት ያልፋል’ ይላል። ‘ይሄ ገና መጀመሪያው ነው፤ በገና ሰሞን እኔም ከቤቴ አልወጣ።’”

ሽማግሌው ሳቀ። እኛ አልሳቅንም። አማቼ ከጭቃው ባሻገር ያለውን ቤት ሲያይ ቆየ።

“ልጁ ትንፋሽ ቢያጥረው…” አለና ተወው።

መኪናው ውስጥ ሆኖ ለሻጩ ደውሎ ግዢውን እንደተወ ነገረው። የሻጩ ቁጣ ለእኔም ይሰማኝ ነበር። ቀጥሎ ሱቁን ሊረከብ ለነበረው ሰው ደወለ፤ ያኛው አልተቆጣም፣ ዝም ብሎ ዘጋበት። 

ጻካኔ እንደደረስን በነጠላ ጫማ ፍርግርጉ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ባልዲ አምጥቼ ጫማውን ማጠብ ጀመርኩ። ልጄ ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች፤ አልሰጠኋትም። መረሬ ቶሎ አይለቅም፤ ውሃውን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ።