የማይሸጠው ቀለበት

አይዴላ ክረም ከትከሻዋ በታች እጅ የላትም። ይህን ከመነሻው ተናግሮ መገላገል ይሻላል፤ አለዚያ አንባቢ ገጽ በገለጠ ቁጥር «ጉዱን መቼ ነው የሚነግሩኝ?» እያለ አንገቱን ያሰግጋል። ይኸው ተነገረ። ከንፈር ለመምጠጥ የተዘጋጀም ካለ ከንፈሩን ይሰብስብ። አይዴላ በእግሯ ሻይ ቀድታ ትጠጣለች፤ ትሰፋለች፤ ትጽፋለች፤ ያለ ልኩ አፉን የከፈተባትንም ሰው በእግሯ ጥፊ ታቀምሰዋለች። ምስኪን የሚላት ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ገና ስላልቀመሰ ነው።

ከጸደይ እስከ መኸር ከተማ ለከተማ ከሚዞር ሰርከስ ጋር ትጓዛለች። ዝሆኑና ፈረሱ ትልቁ ድንኳን ውስጥ ናቸው፤ እሷና መሰሎቿ ደግሞ ከጎኑ በተተከለው «የጉድ ድንኳን» ውስጥ። ከፍ ያለ መድረክ ላይ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ሻይ ስትቀዳ ትውላለች። የጠጣችበት ሲኒ ይሸጣል። በእግሯ የፈረመችበት ፎቶግራፍ ይሸጣል። የአወላለዷ ታሪክ፣ ያውም ግማሹን ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ እየጮኸ ተመልካች የሚጠራው ለፋፊ ከራሱ የፈጠረው፣ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ይሸጣል።

«ከእኔ ያልተሸጠ ማስነጠሴ ብቻ ነው» ትላለች። «እሱም ቢሆን ለፋፊው ገና ስላላሰበበት ነው።»

እውነቱን ለመናገር ግን ያልተሸጠ አንድ ነገር ነበራት፤ የብር ማንኪያ። ሕፃን ሳለች ጎረቤቱ ሁሉ አባቷን «ይህችን ልጅ ለድሆች ማሳደጊያ ስጥና እረፍ» ይለው ነበር። አባቷ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ገበያ ሄዶ ከአቅሙ በላይ የሆነ የብር ማንኪያ ገዛና በእግር ጣቶቿ መካከል ሰካላት። «በይ፣ ብዪ» አላት። ያን ዕለት ከአፏ ይልቅ ጆሮዋ ሾርባ ጠገበ። በዚያ ማንኪያ መብላት ለምዳ አደገች። መድረክ ላይ ግን አንድም ቀን አላወጣችውም፤ ለሕዝብ የምትበላው በሌላ የቆርቆሮ ማንኪያ ነው።

እጮኛዋ ሃርላን ፕሩየት ነው። ለፋፊው «የቴክሳስ ተራራ» እያለ ይጠራዋል፤ ሃርላን ግን ቴክሳስን የሚያውቃት በባቡር መስኮት ነው። በር ሁሉ ያጎነብሰዋል፣ አልጋ ሁሉ ያጥረዋል፣ ጠባዩ ግን ከጥጥ የለሰለሰ ነው። የሃርላን እንጀራ ቀለበት ነበር። መድረክ ላይ ቆሞ ከጣቱ ቀለበቱን ያወልቃል፤ ከተመልካች ትልቅ የብር ሳንቲም ይቀበልና በቀለበቱ ቀዳዳ ውስጥ ያሳልፈዋል። ሳንቲሙ ወለሉ ላይ ሲንቃጨል ሕዝቡ «ወይ ጉድ!» ይላል። «ይህችን ከጣቴ የወጣች ቀለበት ማን ይውሰዳት?» ይላል ሃርላን። አንዱ ገዝቶ ይሄዳል። ሃርላን ፊቱን ዞር አድርጎ እጁን ኪሱ ይከታል፤ ሲመለስ ጣቱ ላይ ሌላ የነሐስ ቀለበት አለ። ገዢ ሁሉ የጣቱን ቀለበት የወሰደው እሱ ብቻ ይመስለዋል።

ላግባሽ ሲላት አይዴላ ቀለበት እንዳይገዛ ከለከለችው። ማንኪያዋን አወጣችና የሰርከሱን ጋሪ ለሚጠግነው ቀጥቃጭ ሰጠችው። እጀታው ለእግሯ ጣት የሚሆን ቀለበት ወጣው፤ ጭልፋው ለሃርላን። በሃርላኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በብረት ወስፌ፣ በእግሯ፣ ጥቂት ቃላት ቀረጸች። ቃላቱ የእነሱ ናቸው፤ እዚህ አይጻፉም።

ቀለበቱ የደረሰው ወቅቱ በሚዘጋበት ቀን ጠዋት፣ ጆርጂያ ውስጥ ቶሊቨር በምትባል ከተማ ነው። ሃርላን ልኩን ለማየት አጠለቀው። አጥልቆ ለማውለቅ ልቡ እምቢ አለው፤ ደስታ ነው። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ደስታውን ይዞ መድረክ ወጣ።

የቀረውን የሠራችው እጁ ናት። ስንት ዓመት የለመደችውን ሠራች። አወለቀች፣ ሳንቲም አሳለፈች፣ «ማን ይውሰዳት» አለች፣ ሸጠች። ሃርላን የነቃው ድንኳኑ ሲፈርስ ነው። ሮጦ ወጣ፤ ሕዝቡ ተበትኗል። የነሐስ ቀለበት አጠለቀና አፉን ዘግቶ ፍሎሪዳ ገባ።

ፍሎሪዳ፣ ወንዙ ባሕር የሚገባበት ቦታ፣ የሰርከስ ሰው ሁሉ የሚከርምበት መንደር አለ። እዚያ ማንም ዞሮ አያይህም። ፖስታ ቤቱ ለረጅሙም ለአጭሩም መስኮት አለው፤ ጢማሟ ሴትዮ ዳቦ ስትገዛ ባለሱቁ የሚያያት ያለፈውን ዱቤ እንዳትረሳ ብቻ ነው። ሠርጉ ቅዳሜ ሊሆን ተቆርጧል። በገቡ ማግስት ሃርላን ልብሱን ሲያሰጣ አይዴላ እጁን አየች።

«ሃርላን፣ ጣትህ ምን ነክቶት ነው አረንጓዴ የሆነው?»

«ሣር ይሆናል።»

«ቀለበት የሚያክል ሣር? ና እስቲ ወዲህ። ብር አረንጓዴ አያወጣም የኔ ጌታ፤ ነሐስ ነው የሚያወጣው።»

ሃርላን ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ተቀምጦም ከእሷ ይረዝማል። «ሸጥኩት» አለ። «እኔ ሳልሆን እጄ ናት ዴላ። ለምዳ…»

ከአጥሩ ወዲያ ካልሲ የሚያጥበው ኦሊ ቫንስ ሰማ። ኦሊ ድንክ ነው፤ ቃሉን ሊያለሰልስለት ሌላ ስም የሚያወጣለትን ሰው አይወድም። «እኔስ ቁመት ነው ያጠረኝ» ብሎ ጮኸ፤ «የዚህ ሰውዬ ግን ጭንቅላቱ ሩቅ ስለሆነ ደም አይደርስለትም!»

በሁሉ የምትስቀው አይዴላ አልሳቀችም።

«ሁሉን ሸጫለሁ» አለች። «እግሬን ሸጫለሁ፣ ሻዬን ሸጫለሁ፣ እናቴ ያማጠችበትን ቀን ሳይቀር ሸጫለሁ። አንዲት ነገር የኔ ትሁን አልኩ። እሷን አንተ ‹ማን ይውሰዳት› አልካት።»

«ሌላ አሠራለሁ…»

«ሌላ አባት ታሠራልኛለህ? ቀለበቱ ካልተገኘ ሠርግ የለም። ኩርፊያ አይደለም ሃርላን። አንተን ባየሁ ቁጥር መድረኩ እየታየኝ እንዴት ጎጆ ይሆናል?»

ኦሊ ካልሲውን ጣለ። «የጭነት መኪናዬን ላስነሳ?»

ችግሩ መንገዱ አልነበረም። የሰርከስ ሰው አንድ ደንብ አለው፤ በነፃ አይታይም። ነገ ከፍሎ ሊያይህ የሚችል ሰው ዛሬ መንገድ ላይ ሊያይህ አይገባም። ሃርላን ከተማ ሲያቋርጥ ሸራ ስር ተኝቶ ነው፤ አይዴላ ካባ ደርባ። ደንቡን የጣሰ በሚቀጥለው ጸደይ ሥራ የለውም። ቶሊቨር ውስጥ ቀለበት መፈለግ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ ፊት ለፊት፣ ሰው እየጠየቁ ካልሆነ አይሆንም።

ሄዱ። ኦሊ ፔዳሉ ላይ እንጨት መትቶ ይነዳል፤ አይዴላ አጠገቡ ሆና ማርሹን በእግሯ ትቀይርለታለች፤ ሃርላን ከኋላ ሸራ ለብሶ ተጋድሟል። ቶሊቨር ሲገቡ ገበያው ደርቷል።

«ውጣ» አለች አይዴላ።

«ዴላ፣ ደንቡ…»

«ደንቡ ቀለበቴን ስትሸጥ ነበር ትዝ ሊልህ የሚገባው። ውጣ!»

ሃርላን ከመኪናው ላይ ሲነሳ፣ ሲነሳ፣ ደግሞ ሲነሳ ገበያው ሁሉ አንገቱን ወደ ላይ አቀና። አንድ በቅሎ ጎመን ተሸክማ ደነበረች። አይዴላ ካባዋን ጥላ ወረደች። ከሁሉ ቀድማ የደረሰች አንዲት ባለ ላባ ባርኔጣ ወይዘሮ ናት፤ ዓይኗ ገና ከሩቅ እንባ አቅርሯል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም፤ ከሚስቅብህ ይልቅ የሚያለቅስብህ ነው የሚከፋው፣ የሚስቅብህ ቢያንስ ከፍሎ ነው የሚገባው።

«አይ ምስኪኖች! ምን ጎደላችሁ?» አለች።

«እሜቴ፣ አንድ ቀለበት ነው የጎደለን» አለች አይዴላ። «ሌላው ሁሉ ሙሉ ነው። ካዘኑልን መንገድ ይልቀቁልን።»

ሃርላን ጉሮሮውን ጠረገ። ያ መድረክ ላይ እንደ ነጎድጓድ የሚወጣው ድምፁ እንደ ተማሪ ሰለለ። «ከእኔ ቀለበት የገዛችሁ… ሁሉም ከጣቴ አልወጣም። ከኪሴ ነው። አንዱ ብቻ ነው የጣቴ፣ እሱም በስህተት ነው። እባካችሁ አምጡና እንያቸው።»

ጉርምርምታው ተነሳ። አንድ ሽማግሌ ከዘራውን አነሳበት። «አንተ ረጅሙ! እኔ ለልጅ ልጆቼ ከጣቱ ሲያወልቀው በዓይኔ አየሁ ብዬ ምያለሁ። በስተርጅና ውሸታም ልታደርገኝ ነው?»

ቢሆንም ቤቱ የሄደው ሄዶ አመጣ። ምን ያልሆነ ቀለበት አለ! መጋረጃ የተንጠለጠለበት፣ ፒፓ የታሰረበት፣ የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ የተሰካበት፣ አንዲት ኮረዳ ሹሩባዋን የቋጨችበት፣ አንዱ ደግሞ የበሬው ቀንድ ጫፍ ላይ ስለነበር ከነበሬው መጣ። አይዴላ የፖም ሣጥን ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። እያንዳንዱን ቀለበት በአውራ ጣቷ ውስጡን ትዳብሰዋለች፤ ጽሑፉን በጣቷ ነው የምታውቀው።

«አይደለም» ትላለች። «አይደለም። ይሄም አይደለም።»

«በሬውስ?» አለ ኦሊ።

«በሬውም አይደለም።»

ሰልፉ አለቀ። አይዴላ ሣጥኑ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ሃርላን የሚሸሽበት አጥቶ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ለእሱ ሰማይም ቅርብ ነው።

ያኔ ከሕዝቡ ጀርባ ልጅ የታቀፈች አንዲት ወጣት፣ ማቲ ይሏታል፣ አንድ እርምጃ መጣች፤ ደግሞ ቆመች። አማቷ ከኋላ ቀሚሷን ይዛ ትጎትታታለች። «አትጠጊ ብዬሻለሁ! ልጁን ይለክፉብሻል!»

ማቲ ቀሚሷን አስለቀቀች። «እትዬ» አለች አይዴላን፤ «ባሌ ለልጁ አምባር ይሆነዋል ብሎ ገዛ። ሲያስገቡት ገባ፣ ሲያወጡት እምቢ አለ። ይኸው እጁ አበጠ። ቀጥቃጩ በመቀስ እቆርጠዋለሁ ይላል፣ እኔ ደግሞ ፈራሁ።»

የሕፃኑ ድቡልቡል አንጓ ላይ የአይዴላ ማንኪያ ተጣብቆ ያበራል።

አይዴላ በሕይወቷ ሕፃን ነክታ አታውቅም። እናቶች ሲያይዋት ልጃቸውን ገሸሽ ያደርጋሉ፤ እጅ ማጣት እንደ ጉንፋን የሚጋባ ይመስል። ድንቁርና ነው፤ ጸሎት ደጋሚ ድንቁርና፣ ታጥቦ የለበሰ ድንቁርና።

«ከፊቴ ተቀመጪና ጉልበትሽ ላይ ያዥው» አለች። «የአሳማ ስብ ያለው ሰው የለም?»

ሥጋ ሻጩ ስብ አመጣ። አይዴላ በአንድ እግሯ የሕፃኑን ክንድ ደገፈች፤ በሌላው ስቡን ቀባች። ትንሿን አውራ ጣት ወደ ውስጥ አጠፈች፣ ቀለበቱን በሁለት ጣቶቿ ይዛ እያዞረች ሳበች። ሕፃኑ ሊያለቅስ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ የእግሯን አውራ ጣት አየ። ቀብ አድርጎ ያዘውና ወደ አፉ ሊወስደው ታገለ።

«እረ ተው አንተ፣ ስብ አለበት!» አለች አይዴላ፣ ሳቋ አመለጣት። «ማቲ፣ ይሄ ልጅ ምሳ አልበላም እንዴ?»

ሕፃኑ ከእሷ ጋር ሳቀ፤ ሲስቅ እጁን ለቀቀው፤ ቀለበቱ ሸርተት ብሎ ወጣ። አይዴላ ውስጡን ዳበሰች። ቃላቱ አሉ።

ገበያው እልል ያለው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው። አማቲቱ የልጁን ጣቶች አንድ በአንድ ፈትሻ ሁሉም መኖራቸውን አረጋገጠችና እልልታው ውስጥ ገባች።

ሽማግሌው ግን አልለቀቀም። የነሐስ ቀለበቱን ሃርላን አፍንጫ ስር ለማድረስ በእግሩ ጫፍ ቆመ። «እናንተስ ያላችሁን አገኛችሁ። እኔ ለልጅ ልጆቼ ምን ልበል?»

ሃርላን አሰበ። ቀለበቱን ተቀበለው፣ ጣቱ ላይ አጠለቀው፣ አወለቀው፣ መለሰለት። «ይኸው፣ አሁን ከጣቴ ወጣ።»

«አሁን ሰው ሆንክ!» አለ ሽማግሌው።

ሰልፉ እንደገና ተጀመረ። የመጋረጃው፣ የፒፓው፣ የሹሩባው፣ ሁሉም ሃርላን ጣት ላይ ገብቶ እየወጣ እውነተኛ ሆነ። ባለበሬውም ተሰልፏል። ለሕፃኑ ኦሊ አንድ የነሐስ ቀለበት በክር አስሮ ለማቲ ሰጣት። «አልጋው ላይ ስቀይለት» አላት፤ «እጁ ላይ ግን ዳግመኛ እንዳታደርጉበት።»

ሁሉ ካለቀ በኋላ አይዴላ የብሩን ቀለበት በእግር ጣቶቿ ይዛ ተነሳች። ሕዝቡ ገባው። ከበበ። «አጥልቂለት! በእግርሽ ስታጠልቂለት እንይ!» አለ። አንዱ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ፊት ወጣና ከኪሱ ሳንቲም አወጣ። «እከፍላለሁ!»

አይዴላ ሳንቲሙን አየችው። ከዚያ ሰውየውን። «አንተ፣ ቀኑን ሙሉ በነፃ አይተኸናል፤ ስለሱ አንጣላም» አለችው። «ይሄ ግን አይሸጥም።»

መኪናው ላይ ወጣች። ሃርላን አጎንብሶ ተከተላት። ኦሊ ሸራውን ወደ ታች ለቀቀውና ፊት ለፊቱ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ ባለ ሳንቲሙ።

«እኔም አላይም» አለ ኦሊ።

አንባቢም አያይም። አንገቱን ያሰገገ ካለ ይመልሰው። ከሸራው ስር ግን የአይዴላ ሳቅ፣ ከሳቁም በላይ የሃርላን ነጎድጓድ ተሰማ። እሱን መስማት በነፃ ነበር።