የጎመንዘሩ ማሳና አራተኛው ተሳፋሪ

የግብርና ምርምር ማዕከሉ ፒካፕ አዲሱ ገበያ ካለው ማደያ ፊት ለፊት ሲቆም በሩ አጠገብ ሁለት ሰዎች ነበርን። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው ግራጫ ጃኬት የለበሰ፣ ትንሽ ቦርሳ ትከሻው ላይ ያንጠለጠለ፣ ከአርባ ዓመት የማይበልጥ ሰው ነበር። እኔ የኋላውን በር ከፍቼ ገባሁ። እሱም ተከትሎኝ ገባና "እንደምን አደራችሁ" አለ። ከፊት የተቀመጠችው ተመራማሪ ዞር ብላ ሁለታችንንም በአንድ ሰላምታ ተቀበለችን። ሹፌሩ ማርሽ አስገባ፤ ጉዞ ጀመርን።

እኔ ሰውየውን የምርምር ማዕከሉ ባልደረባ አድርጌ ወሰድኩት። ተመራማሪዋ ደግሞ ቦርሳውን አይታ የእኔ የጋዜጠኛው ፎቶ አንሺ መሰላት። ሹፌሩ በኋላ ሲጠየቅ "ከአንዳችሁ ጋር ነው ብዬ ነዋ!" አለ። መኪናው ውስጥ ማንም ስለ ማንም አልጠየቀም።

ወሩ ኅዳር ነበር። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች አንድ ላይ የሚያቅደው ማስተር ፕላን ተማሪውንም ገበሬውንም አስነስቶ፣ መንገዱ አንድ ቀን ሲዘጋ አንድ ቀን ሲከፈት የከረመበት ጊዜ ነው። ቡራዩ የሚሠሩ ሰዎች ጠዋት ወጥተው ማታ በየት በኩል እንደሚመለሱ አያውቁም ነበር። እኔ ግን ወደ ሱሉልታ የምሄደው ስለ ተቃውሞው ልጽፍ አልነበረም። ስለ ጎመንዘር ልጽፍ ነበር።

ተመራማሪዋ በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ የተለያዩ የጎመንዘር ዝርያዎችን ጎን ለጎን ዘርታ ታወዳድራለች። የትኛው ብዙ ፍሬ ይሰጣል? የትኛው ቶሎ ይደርሳል? የየትኛው ዘይት ለምግብ፣ የየትኛው ለነዳጅ ይሆናል? ለገበሬ አንባቢ የሚጠቅም ደህና ዘገባ ይወጣዋል ብዬ ነበር። ለዚሁ ሥራ ቀደም ብዬ ሰበታ ሄጄ አንድ የዘይት መጭመቂያ ባለቤት አነጋግሬ ነበር። "ለድስትም ይሁን ለሞተር፣ መጭመቂያዬ አይለይም። ዘሩ የሚበቅልበትን ሰፊ መሬት ግን ማን ይሰጠኛል?" ብሎኝ ሳቀ። ያንን ሳቅ አልወደድኩትም፤ ግን ሳቅ ማስረጃ አይደለም። ስመለስ ፉሪ ላይ አንድ ገበሬ በቆርቆሮ የታጠረ መሬት አሳየኝና "ይሄ የኔ ነበር። መጀመሪያ የመጣው ችካል ነው" አለኝ። ይህንንም ሰምቼ አለፍኩ።

ሱሉልታ መግቢያ ላይ ፖሊሶች አስቆሙን። አንዱ በሹፌሩ በኩል ጎንበስ ብሎ ሁላችንንም አየ። ባለ ግራጫ ጃኬቱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ደህና አደራችሁ?" አለው። ፖሊሱ እጁን አወዛወዘና አሳለፈን። በዚያ ኬላ ያለ ምንም ሰላምታም ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ፤ ስለዚህ ያኔ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ማሳው ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በራስጌው የምርምሩ ታፔላ ቆሟል። በታፔላው ላይ "ነዳጅ" የምትለዋን ቃል አንድ ሰው በጭቃ መትቷታል። ሌላውን ጽሑፍ አልነካውም።

የማሳው ባለቤት ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ልጆቻቸው ቡራዩ ፋብሪካ ገብተዋል። ቤት የቀሩት እሳቸውና ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። ከሙከራው ማሳ ጀርባ ያለው ስንዴያቸውም ጤፋቸውም ደርሶ ነበር። "ይሄን ሁሉ ማን ያጭደዋል?" ብዬ ስጠይቃቸው "ደቦ ነዋ። ጎረቤት። እኔም ጤነኛ ሳለሁ ለሁሉም አጭጃለሁ" አሉኝ። ጎመንዘር ከደረሰ በኋላ ከቆየ ፍሬው እየተሰነጠቀ መሬት ይረግፋል። በሳምንቱ መጨረሻ ደቦው ይወጣል ተብሎ ነበር።

የዚያን ቀን የመንደሩ ሰው የተጠራው ለዝርያ ምርጫ ነው። ዘዴው የታወቀ ነው፤ እያንዳንዱ ዝርያ በተዘራበት መደብ ፊት ጣሳ ይቀመጣል። ለወንዶቹ ጥቂት ባቄላ፣ ለሴቶቹ ጥቂት አተር ይታደላል። ገበሬው እየተዘዋወረ አይቶ፣ ዳስሶ፣ ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ፣ በወደደው ዝርያ ጣሳ ውስጥ ይጥላል። በኋላ ባቄላና አተሩ ለየብቻ ሲቆጠር ወንዱም ሴቷም ምን እንደሚመርጡ ይታወቃል። መደቦቹ የሚለያዩት በተተከሉ ችካሎች ነው። በእያንዳንዱ ችካል ላይ ቁጥር ተጽፏል።

ሰዎቹ ግን መደቦቹን አያዩም ነበር። የሚያዩት ወደ ማሳው ማዶ ነው። ባለ ግራጫ ጃኬቱ በማሳው ዳርቻ እስከ ወንዙ ድረስ ቀጥ ብሎ እየተራመደ ሄደ፤ ቆመ፤ ስልኩን አወጣ፤ ከዚያ ወደ ጎን ዞሮ በስንዴው ጠርዝ እንደገና ተራመደ። እርምጃው የሚንሸራሸር ሰው እርምጃ አልነበረም፤ እኩል እኩል ነበር።

"አካም ቡልተን" ብዬ አንዲትን ሴት ሰላም አልኳት። የባለማሳው የቅርብ ጎረቤት ነች፤ ባሏ ደቦውን የሚጠራው ሰው ነው። "ነጋ፣ ደህና" አለችኝ ዓይኗን ከማዶው ሳታነሳ። "ያ ጓደኛህ እንቅልፍ አጥቷል እንዴ? ምነው ይንቆራጠጣል?"

"ጓደኛዬ አይደለም" አልኳት።

"እሺ፤ አለቃህ ነው።"

ምርጫው ተጀመረ። ሰዎቹ ተሰለፉ፤ ባቄላና አተራቸውንም ጣሉ። ሲያልቅ ተመራማሪዋ ጣሳዎቹን እያየች ሄደችና አንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ጣሳው ሞልቷል። ከኋላው ያለው መደብ ክሽክሽ የሚሉት ተባይ የበላው፣ ግንዱ የተንጋደደ፣ ከሁሉም የባሰው ነበር። አምሮ የቆመው፣ ፍሬው የተንዠረገገው መደብ ፊት ባለው ጣሳ ውስጥ ግን ጥቂት ባቄላ ብቻ ነበረች። ያቺም የባለማሳው ነበረች። ሲጥሏት ሁሉም አይቷቸዋል።

"ይሄ'ኮ ክሽክሽ የበላው ነው" አለች ተመራማሪዋ። "ምኑን ወዳችሁት ነው?"

"ክሽክሹን" አለች ጎረቤቲቱ። ሰው ሳቀ።

"እውነቴን ነው የምጠይቀው።"

"እኔም እውነቴን ነው የምመልስልሽ፣ ልጄ። ክሽክሽ የበላውን ማንም አይመኘውም። ያ ወዲያ ያለው መደብ አምሮበታል። ያማረውን ማን እንደሚመኘው ደግሞ እናውቃለን። 'እዚህ አገር ነዳጅ ይበቅላል' ተብሎ እንዲጻፍብን ነው?"

ተመራማሪዋ የምትሠራው ዝርያ መለየት ብቻ እንደሆነ፣ መሬት ከማንም እንደማይወሰድ አስረዳች። የምታምንበትን ነበር የምትናገረው። እኔ ግን ሰበታ የሰማሁት ሳቅ ትዝ አለኝና ለእሷም ለእነሱም ምስክር መሆን አልቻልኩም።

ከዚያ የጎረቤቲቱ ባል ወደ ባለማሳው ቀረበ። ድምፁን አላነሳም። "ኦቦ፣ ያ መሬት የሚለካው ሰውዬ፣ ኢኒ ኤኙ? ማነው?"

"ከነዚህ ጋር የመጣ ነው" አሉ ሽማግሌው።

"ዱጉማ?"

"እውነት ነው። ጠይቋቸው።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ጋዜጠኛ ነህ። ንገራቸው፤ ማነው?"

ወደ ተመራማሪዋ አየሁ። እሷ ደግሞ ወደ እኔ ታይ ነበር። "ያንተ ፎቶ አንሺ አይደለም እንዴ፣ ጋሼ?" አለችኝ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

"አላውቀውም" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

"በአንድ መኪና መጥታችሁ?" አለ የጎረቤቲቱ ባል።

"በአንድ መኪና መጥተን።"

"ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ?"

"አዎ።"

"ስሙስ?"

"አልጠየቅኩትም።"

"አቤት ጋዜጠኛ!" አለች ሚስቱ። "እኔ እንኳ ጋሪ ላይ አብሮኝ የተቀመጠውን የማን ልጅ እንደሆነ ሳልጠይቅ አልወርድም!" በዚህኛው የሳቀ የለም።

በሥራዬ ብዙ ሰው ዋሽቶኛል፤ ብዙ ሰውም እውነቱን ነግሮኛል። የሚለየው ብዙ ጊዜ ከዝርዝሩ ነው፤ እውነት ዝርዝር አለው። እኔ ዝርዝር አልነበረኝም። እነሱ ቦታ ብሆን እኔም ራሴን አላምንም ነበር።

ሰውየውን እንጥራው ተባለ። ማዶው ባዶ ነበር። ሹፌሩ ከመንገድ ዳር መጥቶ "ወደ ጫንጮ በሚሄድ አይሱዙ ተሳፈረ'ኮ። እናንተ የላካችሁት መስሎኝ!" አለ።

የጎረቤቲቱ ባል ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ለሽማግሌው በጣም በትሕትና እንዲህ አላቸው፤ "እንግዲህ ኦቦ፣ እኛ ለቀያሽ ደቦ አንወጣም። እህልዎን ካመጧቸው ሰዎች ጋር ይጨዱ።"

ሽማግሌው ደርሶ የቆመውን ስንዴያቸውን አዩ። ባለቤታቸው ከአጥሩ ጋ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ከዚያ ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና የመጀመሪያውን ችካል ነቀሉ። ቀጥሎ ሁለተኛውን።

"አባቴ፣ ተዉ!" ተመራማሪዋ ሮጠች። "ቁጥሩ ከጠፋ የትኛው ዝርያ የትኛው እንደሆነ አይለይም!"

"አይለይ።"

"ያምናውም ሥራ አብሮ ነው የሚጠፋው!"

"የኔስ የስንት ዘመን ነው?" አሉ ቀና ሳይሉ። "አንቺ ሌላ ቦታ ትዘሪያለሽ። እኔ ሌላ ጎረቤት ከየት አመጣለሁ?"

እሷ ቆመች። እጇን ዘርግታ ነበር፤ መልሳ ሰበሰበችው። ሽማግሌው መደብ ከመደብ እያለፉ ሁሉንም ነቀሉ። የሚረዳቸው አልነበረም፤ የሚከለክላቸውም አልነበረም። ሲጨርሱ ችካሎቹን እንደ ጭራሮ አቅፈው ጎረቤቲቱ ፊት አመጡና እግሯ ሥር ጣሏቸው።

"አንድጃቸው" አሏት።

ሴትየዋ ባሏን አየች። ባሏ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። እሷም ጎንበስ ብላ ችካሎቹን ሰበሰበች። "እርጥብ ናቸው፤ ጭሱ ይፈጀናል" አለችና ወደ ቤቷ ይዛ ሄደች። ደቦው ይወጣል ያለ ግን አልነበረም።

ስንመለስ ሦስት ነበርን። ኬላው ላይ የጠዋቱ ፖሊስ እንደገና ጎንበስ ብሎ አየን።

"ጠዋት አራት አልነበራችሁም?"

"አንዱ ቀርቷል" አልኩት።

የት እንደቀረ አልጠየቀም። እለፉ አለን።

በቀጣዮቹ ቀናት ስለ ሰውየው ጠየቅኩ። ምርምር ማዕከሉ አያውቀውም። የወረዳው ሰዎች እንዲህ ያለ ሰው አልላክንም አሉ። የሰበታው የመጭመቂያ ባለቤት ስልኩን አነሳና ጥያቄዬን ሲሰማ ስብሰባ ላይ ነኝ አለኝ። ሰውየው የመሬት ደላላ ሊሆን ይችላል። የጸጥታ ሰው ሊሆን ይችላል። ትራንስፖርት በጠፋበት ሰሞን ነፃ መኪና አግኝቶ የተሳፈረ፣ መኪና እስኪያገኝ እግሩን ያፍታታ መንገደኛም ሊሆን ይችላል። ለአንዱም ማስረጃ የለኝም። የትኛውን እንደምጠረጥር የሚጠይቁኝ አሉ፤ እንደ ቀኑ ይለያያል። የጋዜጣው አዘጋጅ "ታዲያ ውጤቱ የትኛው ዝርያ ሆነ?" ሲለኝ ውጤት የለም አልኩት። ዘገባው አልወጣም።

መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ ሲከፈት በሚኒባስ ወደ ጫንጮ ሄድኩ። ደቦው ወጥቶ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ከሩቅ የስንዴው ማሳ ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቶ አየሁት። ጎመንዘሩ የነበረበትም ባዶ ነው። በየመደቡ ለየብቻ መከመር የነበረበት ሰብል አንድ ላይ ተከምሯል። አውድማው ላይ ሰው ነበር፤ ብዙ ሰው። የጎረቤቲቱ ባል በበትር ይወቃል።

ከሚኒባሱ ስወርድ ሽማግሌው አዩኝ። አልመጡም። ሚኒባሱ እስኪሄድ፣ ከኋላዬ ሌላ ሰው አለመውረዱን እስኪያዩ ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ብቻህን ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"ዛሬ ጓደኛህን የት ጣልከው?" ብላ ጎረቤቲቱ ከአውድማው ጮኸች። ተሳሳቁ። ባሏ ግን በትሩን አቁሞ እኔ ወደመጣሁበት መንገድ አየ።

ሽማግሌው ከተወቃው ዘር አፍሰው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። ቢጫውና ቡናማው ፍሬ ተቀላቅሏል፤ ከየትኛው ዝርያ ምን ያህል እንዳለ ከእንግዲህ ማንም አይለየውም። "ደቦው እንዴት ወጣ?" አልኳቸው። "ጭሱን አይተው" አሉ፤ "ችካሉ ሲነድ። እንደዚያም ሆኖ ብዙው ረግፏል፤ ዘግይተው ነው የመጡት።" እኔም ብዙ አልቆየሁም።

ለመመለስ መንገድ ዳር ስቆም ሽማግሌውም የጎረቤቲቱም ባል አብረውኝ መጡ። ሊሸኙኝ ይሁን ሊጠብቁኝ አልጠየቅኩም። ሚኒባስ ሲቆም እኔ ገባሁ፤ የጎረቤቲቱ ባል አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ የተሳፋሪዎቹን ፊት አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ለረዳቱ "በቃ፣ ሂዱ" አለው።