ዓይኔ ሲደበዝዝ "በላችው" አሉኝ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ሴት ልጄ አሁን ትድሃለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ እሷን ባየሁ ቁጥር ያ ንዴት እንደ አዲስ ይነሳብኛል። ስሙኝና እናንተው ፍረዱ።

እኛ ሸክላ ሠሪዎች ነን፤ እናቴም፣ አክስቶቼም፣ እኔም። የሠራነውን በገበያ ቀን መካነ ሰላም ከተማ አውጥተን እንሸጣለን። ገዢ አጥተን አናውቅም። ሰው ድስታችንን ገዝቶ ወጡን ይሠራበታል፣ እኛን ግን "ጠይብ"፣ "ቡዳ" እያለ ቤቱ አያስገባንም። ዓይናችን ሰው የሚበላ ይመስለዋል። ከልጅነቴ ስሰማው ስላደግሁ ችዬው እኖር ነበር።

የመጀመሪያ ልጄ ቤት ስወልድ ሞቶብኛል። ስለዚህ ይህችን ሳረግዝ ራሴን እጠብቃለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ሰፈራችን ቆላ ነው፤ ክረምት ከገባ ወንዙ ስለሚሞላ መኪና አይደርስም። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቀኔ ሳይደርስ ጤና ጣቢያው ወዳለው የእናቶች ማቆያ ገብቼ እንድጠብቅ መከረችኝ። ራስ ምታት ከጸናብሽ፣ ፊትሽ ካበጠ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘ ደም ግፊት ሊሆን ይችላልና አንቺንም ልጁንም ይገድላል፣ ሳትውይ ሳታድሪ ተናገሪ ብላ ደጋግማ ነግራኛለች። ባሌ ሰይድ በበቅሎ አድርሶኝ፣ የዘር ጊዜ ስለነበር ወዲያው ተመለሰ።

ማቆያው አንድ ሰፊ ክፍል ነው። ከየገጠሩ የመጣን እርጉዞች ከቤት የያዝነውን እህል አዋጥተን በጋራ እናበስላለን፣ ከአንድ ሳህን እንበላለን። የወለዱትም ሕጻናቸውን ይዘው ቤተሰብ እስኪወስዳቸው እዚያው ያርፋሉ። መጀመሪያ ላይ ጨዋታው ደስ ይል ነበር። አንዷ ወገቤን ስታሽልኝ እኔ ጸጉሯን እሠራላት ነበር።

ከዚያ ዘርፌ የምትባል እርጉዝ መጣች። ገበያ ላይ ሸክላ ስሸጥ አይታኝ ኖሯል። ገና እንደገባች ትኩር ብላ አየችኝና ለሌሎቹ አንሾካሾከች። ምሳ ሲቀርብ የእኔ ድርሻ ለብቻው በክዳን ላይ ተቆርሶ ተሰጠኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ገብቶኛል። ያቺ ጸጉሯን የሠራሁላት እንኳ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ስባ ፊቷን አዞረችብኝ። ሕጻን የያዙት ደግሞ እኔ ሳልፍ ልጁን በነጠላ ይሸፍኑታል። ከማቆያው ውጪ የማርፍበት ሰው የለኝም፤ ግን አብሬያቸው መተኛት አልቻልኩም። ፍራሼን ጎትቼ በረንዳ ላይ መተኛት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። ፊቴን ስዳስሰው አብጧል። ያ የተነገረኝ ነገር ትዝ አለኝና ቀጥ ብዬ ወደ አዋላጇ ሄድኩ።

"ሲስተር፣ ራሴን በጣም አሞኛል፣ ግፊቴን ይለኩልኝ" አልኳት።

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። "እናንተ እኮ ጠንካሮች ናችሁ፣ ጭቃ ተሸክማችሁ አቀበት የምትወጡ። በረንዳ ላይ ተኝተሽ ብርድ መቶሽ ነው፣ ግቢና ተሸፋፍነሽ ተኚ" አለችኝ።

በረንዳ ላይ ለምን እንደተኛሁ አልጠየቀችም። መለኪያው ደግሞ እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። እኛ የምንታመም አይመስላቸውም እኮ! ልመልስላት ፈለግሁ፣ ግን አቅም አጣሁና ወጣሁ።

ወደ ማቆያው ስመለስ ዓይኔ መደብዘዝ ጀመረ። ያኔ በጣም ፈራሁ። ከሴቶቹ አንዷ ደግፋ ወደ አዋላጇ እንድትመልሰኝ ልለምን ብዬ ገባሁ። በሩ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፣ ማን እንደሆነች ግን መለየት አቃተኝ። ዓይኔን አጥብቤ፣ ጠጋ ብዬ ትክ ብዬ አየሁ። ለካስ ልጇን እያጠባች ነበር።

"በላችው! ልጄን በላችው!" ብላ ጮኸች።

ሁሉም ተነሱ። ዘርፌ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ወላሂ ዓይኔ አላይ ብሎኝ ነው፣ አሞኛል ብል የሚሰማኝ ጠፋ። "እንትፍ ሳትዪበት ከዚህ አትወጪም" አለች ዘርፌ። እኛ አገር ቡዳ የበላው ሰው የሚድነው የበላው ቡዳ ራሱ እንትፍ ሲልበት ነው ይባላል። ሕጻኑ ምንም አልሆነም፣ ጠግቦ ተኝቶ ነበር። እየሞትኩ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ክርክሩ ግን ስለ ምራቄ ነው።

ብከራከር ጊዜው ያልፍብኛል። ምላሴ ደርቆ ነበር፣ እንደምንም እንትፍ አልኩበት። ያኔ ለቀቁኝ።

ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ማዋለጃ ክፍሉ ድረስ ሄድኩና በሩ መሀል መሬት ላይ ተዘረጋሁ። ማንም ሳይራመደኝ መግባትም መውጣትም አይችልም። አዋላጇ ተነሺ አለችኝ። ዘበኛው መጥቶ ሊያነሳኝ ሞከረ። እጄን ገልጬ ዘረጋሁና ግፊቴ ሳይለካ ከዚህ አልነሳም አልኩ። እንድገላግላት ብላ ይመስለኛል መለኪያውን አመጣች።

ለካችኝ። እንደገና ለካችኝ። ከዚያ መርፌ ስትል፣ አምቡላንስ ስትል፣ ጤና ጣቢያው ተተራመሰ። መካነ ሰላም ወደሚገኘው ሆስፒታል ይዛኝ ስትሄድ መንገድ ላይ እጄን ያዘችና "ለምን ቶሎ አልነገርሽኝም?" አለችኝ።

"ነግሬሽ ነበር" አልኳት።

በኦፕሬሽን ወለድኩ። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ ሁለታችሁም አትተርፉም ነበር አለኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈናል። ዘርፌ ግን "የገዛ ዓይኗ ዞሮባት ነው የታመመችው" እያለች እንደምታወራ ገበያ ላይ ሰማሁ። ብሞት ኖሮም ይህንኑ ነበር የምትለው።

አሁን ታናሽ እህቴ ሀዋ ወሯ ገብቷል። እኔ እዚያ አልሄድም፣ ቤቴ እወልዳለሁ ትላለች። ትቅር እንዳልል የሞተው ልጄ አለ። ትሂድ ስል ደግሞ የምወስዳት እዚያው እኔን ወዳዋረዱኝ ሰዎች ነው። ስሙን እንኳ መስማት የማልፈልገውን ቦታ ሂጂ እያልኩ እህቴን የምለምነው እኔው መሆኔ ያንገበግበኛል። አብሬሽ እመጣለሁ፣ ከጎንሽ አልለይም ብያታለሁ።

በቀደም ሆዷን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለችና "እኔንም እንትፍ በዪ ቢሉኝስ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ከምትሞቺ በዪላቸው ልላት አፌን ከፈትኩ። እስካሁን አልመለስኩላትም።