እንደ ውሃ የሚወርድ ንባብ

ልጄ ቃሊቲ ሁለተኛ ክፍል ስትማር መምህርቷ አንድ ነገር ለመነችኝ። ለትምህርት ቤቱ የተረት መጻሕፍት ተሰጥተው ነበር፤ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ግን ልጆች ይቀድዱብኛል ብሎ ቆልፎባቸዋል። ወላጅ እየመጣ የሚያነብላቸው ከሆነ ሊያወጣ ተስማማ። ዓርብ ከሰዓት የምሠራበት የዜና ክፍል ሥራ ቀለል ስለሚል እሺ አልኩ።

ልጆቹ እስከዚያ የሚያውቁት የአማርኛ መማሪያውን ብቻ ነው። መምህርቷ አንድ መስመር ትላለች፣ እነሱ በአንድ ድምፅ ይከተላሉ፤ ሲደጋገም ገጹ በቃል ይያዛል። ከልጄ ጎን የምትቀመጠውን ልጅ በዚህ የሚወዳደራት አልነበረም። እናቷ ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ለእስረኛ ጠያቂዎች ብስኩት፣ ሳሙናና ሙዝ ትሸጣለች። እሷ ራሷ ማንበብ አትችልም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጽሐፉን ዘርግታ ታወርደዋለች፣ እናት ደንበኛ ጠርታ ታሰማለች።

የመጀመሪያው ዓርብ ልጅቷ እንድታነብልን አንዱን ተረት ሰጠኋት። ሥዕል ሥዕሉን ብቻ እያየች ገጹን ገለጠችው። መምህርቷ፣ መማሪያውን ስታወርድ የልጅቷ ጣት ከድምፅዋ ኋላ እንደሚቀር ካየች መቆየቷን፣ በልጆች ፊት ማሳፈር ግን እንደከበዳት በሹክሹክታ ነገረችኝ። ተረቱን እኔ ጀመርኩ። ጅቡ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲደርስ መምህርቷ አስቆመችኝ፤ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ክፍት ትታ፣ መጨረሻውን የፈለገ ራሱ ይየው ብላ ለዕረፍት አሰናበተቻቸው።

ልጅቷ ቀረች። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ፊደል በፊደል ስትለቅም ቆየችና ቀና አለች።

«ገብቷል» አለችን። «ግን አልሞተም።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እናቷ የብስኩት ካርቶን እንደታቀፈች ክፍሉ ድረስ መጣች።

«ልጄን ምን አደረጋችሁብኝ? ድሮ እንደ ውሃ ታወርደው አልነበር? አሁን አንድ ቃል ላይ ስትንገዳገድ ደንበኛ ይስቅብኛል።»

ሳሪስ ሌላ ትምህርት ቤት ልታስገባት መወሰኗን ተናገረች። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች። እሷም ራሷ የደነዘዘች መስሏት ነበር።

መምህርቷ እናቲቱን አስቀምጣ፣ ከካርቶኑ አንድ እሽግ ብስኩት አውጥታ ለልጅቷ ሰጠቻት። ጀርባው ላይ ያለውን አንብበሽው ታውቂያለሽ ወይ አለቻት። አላውቅም አለች። ፊደሉን መልቀም ጀመረች፤ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ልጄ ልትረዳት አፏን ስትከፍት በዓይኔ ከለከልኳት።

«በደ…ረቅና… በቀዝ…ቃዛ… ቦታ… ያስቀ…ምጡ።»

«ማን ነገራት?» አለች እናት።

«ማንም» አለች መምህርቷ። «ድሮ ይሰሙት የነበረው በቃሏ የያዘችውን ነው። ማንበብ የጀመረችው አሁን ነው።»

እናት ብስኩቱን ተቀብላ አገላበጠችው። «እኔ እኮ ፀሐይ ላይ ነው የምደረድረው» አለች፤ ወደ ልጇም ዞር ብላ፣ «ሳሙናውስ ላይ ምን ይላል?»

«አላየሁትማ» አለች ልጅቷ። «ስንሄድ አየዋለሁ።»

ስለ ሳሪስ ሳይነሳ ወጡ። የግቢው በር አጠገብ የጭነት መኪና ቆሟል። ልጅቷ ጎኑ ላይ የተጻፈውን መልቀም ስትጀምር እናቷ ካርቶኑን መሬት አስቀምጣ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።